ማን ነው የመታሽ

ላቀች ባሏን አንድ ነገር እንዳገኘው የተረዳችው ገብሱ ሲበቅል ነው።

በዚያ ዓመት ዝናቡ በጊዜ ጥሎ ነበር። ደምሌ ሁለቱን ማሳ፣ ደብሩ ሥር ያለውንና ወንዝ ዳር ያለውን፣ እንደ ልማዱ ደጋግሞ አርሶ ብቻውን ዘራ። ዘሩን ከጎተራ እየሰፈረች የሰጠችው ላቀች ናት፤ ባዶ ስልቻውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ በሬዎቹን እየነዳ ሲመለስም አይታዋለች። ሐምሌ ሲጋመስ ወንዝ ዳሩ ጥቁር አፈር እንደሆነ ቀረ። ደብሩ ሥር ያለው ግን እግር ማስገቢያ እስኪያሳጣ ተጨናንቆ፣ ቡቃያው አንዱ አንዱን እያነቀ ገርጥቶ ወጣ። አንዱን ማሳ ሁለት ጊዜ ዘርቶ ሌላውን ረስቶታል።

ጎረቤት ሳቀ። «ደምሌ ዘንድሮ ለሰውም ለወፍም ዘርቷል» ተባለ። ደምሌም አብሮ ሳቀ። ሰዎቹ ሲሄዱ ግን ከማሳው ዳር ቁጭ ብሎ ቡቃያውን በመዳፉ እየዳበሰ ብዙ ቆየ።

«ወንዝ ዳሩን ጨረስሁ ብለኸኝ ነበር እኮ» አለችው ላቀች፣ ቀስ ብላ።

«ጨርሻለሁ።»

«አልበቀለማ፣ ደምሌ።»

ቀና ብሎ አያት። ሊቆጣ ነው ብላ ነበር፤ አልተቆጣም። «ስዘራው ይታየኛል» አለ። «እጄ ሲበትን፣ ወንዙ ሲጮህ፣ ሁሉም ይታየኛል። የትኛው ዓመት እንደሆነ ነው የጠፋኝ።»

ደምሌ በስማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ፣ ጓሳ ሜዳ በምትባል መንደር ተወልዶ ያደገ ገበሬ ነው። የሚያውቁት ሰዎች ስሙ በተነሣ ቁጥር ከጉልበቱ በፊት የሚያወሱት ጠባዩን ነበር። በሬ ሲጠምድ አይሳደብም፤ ጅራፉን በአየር ላይ ያጮኸዋል እንጂ በበሬ ጀርባ ላይ አያሳርፈውም። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች በድንበር ሲካሰሱ የሚጠራው እሱ ነው፤ ነገሩን በቀልድ አለዝቦ፣ በዳይንም ተበዳይንም ሳያስቀይም ያስታርቃል። ላቀችን በቁርባን ካገባት ጀምሮ፣ አንዲት ልጃቸው ፍሬሕይወት ተወልዳ ለአቅመ ሔዋን እስክትደርስ፣ አንድም ቀን እጁን አንሥቶባት አያውቅም። የመንደሩ ሴቶች «ያንቺስ ባል ከበግ ነው የተፈጠረ» እያሉ ይቀልዱባት፣ ውስጥ ውስጡንም ይቀኑባት ነበር።

ያ በግ አንበሳ የሚሆነው ለገና ብቻ ነው። ላይ መንደርና ታች መንደር ከደብሩ በታች ባለው ሜዳ ላይ ይገጥማሉ። ሁሉም ጫፉ የቆለመመ የወይራ ዱላውን ይዞ፣ ከእንጨት ተጠርቦ የተድበለበለውን ሩር እየመታ ያባርራል። ሩሩ ሲወነጨፍ ሌላው ያጎነብሳል፤ ደምሌ ግን ግንባሩን ሰጥቶ ያቆመዋል። ገና ጎረምሳ ሳለ አንድ ጊዜ ሩሩ ጆሮ ግንዱን ብሎት ተዘረረ። ውሃ ረጩበት። ሲነቃ ስሙን ቢጠይቁት የእናቱን ስም ተናገረ፤ ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። እሱም ሳቀና ዱላውን አንሥቶ ጨዋታውን ጨረሰ። የዚያን ዕለት ልጃገረዶቹ፣

ደምሌን መታሁት ብሎ ሩሩ ፎከረ፣
ግንባሩ ሳይነካ እንጨቱ ተሰበረ።

ብለው ዘፈኑለት። ከዘፋኞቹ አንዷ ላቀች ነበረች።

ከዚያ ወዲያ የደምሌ ግንባር የመንደሩ መኩሪያ ሆነ። በሌላ ዓመት ዱላ አናቱን አገኘው። በሌላው ከአንድ የታች መንደር ሰው ጋር ራስ ለራስ ተጋጭቶ ሲያስመልሰው ሰነበተ። የጥምቀት ዕለት ታቦት ሲያጅብ ከፈረስ ወድቆ ራሱን ሳተ። የወንድሙን የአበባውን ቤት ሲያቆሙ ወጋግራ አናቱ ላይ ወረደበት። ሁልጊዜም «ደም አልወጣ፣ ምን ይሆናል» ይባላል። ደም ካልወጣ ጉዳት የለም፤ ጉዳት ከሌለ ደግሞ በማግስቱ እርሻ ነው። የመታውን የሚጠይቅም የለም፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ነውና። ደምሌም አይቆጣም። ይነሣል፣ አቧራውን ያራግፋል፣ ይስቃል። ቂሙን የያዘው ጭንቅላቱ ነበር።

ላቀች ወደኋላ ስታስበው ነገሩ የጀመረው ከገብሱ በፊት ነው። ራሱን ያመዋል፤ የቀትር ፀሐይ ዓይኑን ስለሚወጋው ጋቢውን እስከ ቅንድቡ ተከናንቦ ይውላል። ማኅሌት ይወድ የነበረ ሰው ከበሮ ሲመታ ከቅጥሩ ውጭ ወጥቶ ጆሮውን ይይዝ ጀመር። አንድ ቀን በሬ ጠምዶ ቆመና ሞፈሩን እያየ፣ «ያንን… ያንን ረጅሙን አቀብይኝ» አላት። ሞፈር የሚለው ቃል ጠፍቶታል። ሌላ ቀን ወተት የያዘውን ቅል ያለ ምክንያት ከግድግዳ ጋር አላተመው፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ የፈሰሰውን ወተት አይቶ፣ «ድመት ነው ያፈሰሰው?» ብሎ ጠየቀ።

መንደሩ የመሰለውን አለ። ዛር ነው ያለ አለ፤ መተት ነው፣ የሰው ዓይን ነው ያለም አለ። ላቀች ጸበል ወስዳው ሱባኤ አስያዘችው። ውሃው እንደ በረዶ አናቱ ላይ ሲወርድ ደምሌ ጥርሱን ነክሶ ቻለ እንጂ አልጮኸም፣ አልለፈለፈም። የነፍስ አባታቸው መምሬ አበጀ መጥተው ጎበኙትና ሲመለሱ ላቀችን ለብቻዋ ጠርተው፣ «ልጄ፣ ጸበሉን አትተዪ፤ ግን ሐኪምም የእግዚአብሔር ነው። እኔ በዚህ ሰው ላይ የማየው ጋኔን ሳይሆን ድካም ነው» አሏት።

ለእንቁጣጣሽ ፍሬሕይወት ከደብረ ታቦር መጣች። እዚያ ነርስነት ትማራለች። አባቷ በሩ ላይ ተቀብሎ ሳማትና፣ «የማን ልጅ ነሽ እመቤቴ?» አላት። እየቀለደ መስሏት ሳቀች። እየቀለደ እንዳልነበር ሲገባት ጓዳ ገብታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ አለቀሰች። ስትወጣ ዓይኗን አብሳ፣ «እማዬ፣ ይዘነው እንሂድ» አለች።

በጥቅምት ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሄዱ። ከወገዳ የተሳፈሩበት መኪና በዚያ ጎርበጥባጣ መንገድ ሲናጥ ደምሌ ላብ አጠመቀው፤ በሰው ፊት ሚስቱን ተደግፎ የማያውቅ ሰው ራሱን በላቀች ጭን ላይ ጥሎ እንደ ሕፃን ተኛ። ላቀች ሰው ምን ይለኛል አላለችም። መኪናው በዘለለ ቁጥር እንዳይንገጫገጭ ራሱን በሁለት እጇ ይዛ ሄደች።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ፍሬሕይወትን በጥቂት ዓመት ብትበልጣት ነው። መርምራ፣ ራጅ አስነሥታ፣ ብዙ ከጠየቀች በኋላ፣ «አባቴ፣ ራስዎን ተመትተው ያውቃሉ?» አለችው።

ደምሌ ሳቀ። «የገና ተጫዋች እኮ ነኝ» አለ።

«ስንት ጊዜ ይሆናል?»

«ማን ይቆጥረዋል?»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። አጥንቱ ደህና እንደሆነ፣ የተጎዳው ውስጡ እንደሆነ በቀላል አማርኛ አስረዳቻቸው። ራስ በተመታ ቁጥር አንጎል ውስጥ ለውስጥ ከአጥንቱ ጋር ይላተማል፤ አንዱ ሳይሽር ሌላው ሲደረብበት ጉዳቱ ይጠራቀማል፤ መርሳቱም፣ ብርሃን መፍራቱም፣ ቁጣውም ከዚያ የመጣ ነው አለች። «ቁጣው ጠባዩ አይደለም» ብላ ወደ ላቀች ዞረች። «ይህን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። በሽታው ነው።»

«ይድናል?» አለች ላቀች።

«ለራስ ምታቱና ለእንቅልፉ መድኃኒት አለኝ። የሄደውን ግን አልመልስም። ከዚህ በኋላ ራሱን መመታት የለበትም፤ ጫጫታና ፀሐይም ይቀነስለት። ሊብስም ይችላል፤ እንዳልዋሽዎት ነው።»

ደምሌ፣ «ዛር አይደለም ማለት ነው?» አለ።

«አይደለም።»

«ተመስገን» አለ። በጉዞው ሁሉ ደስ ብሎት የታየው በዚያች ቅጽበት ብቻ ነው።

መድኃኒቱ እንቅልፍ ሰጠው። እንቅልፍ ሲያገኝ ፊቱ ተመለሰ፤ በአጨዳውም ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ከወንድሙ ከአበባው ጋር ማጭድ ይዞ ይወጣ ጀመር። ላቀች ተስፋ አደረገች። ተስፋዋ ግን ፍርሃትም ነበረበት፤ ታኅሣሥ ሲገባ የመንደሩ ጎረምሶች የገና ዱላ ይልጉ ጀመር። አንድ ቀን ደምሌ በሌለበት፣ ከጣራው ሥር ተሰክቶ የኖረውን የገና ዱላውን አወረደችና ሰባብራ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው።

የገና ዕለት ጠዋት ደህና ነበር። ቀትር ላይ ግን ከሜዳው ጩኸቱ ሲሰማ ተነሥቶ ጣራው ሥር ይፈልግ ጀመር።

«ዱላዬስ?»

«ዛሬ አትሄድም፣ ደምሌ። ሐኪሟ ያለችህን ረሳህ?»

«ዱላዬስ አልሁሽ?»

ልትዋሸው አሰበች፤ አልሆነላትም። «አንድጄዋለሁ» አለችው፤ ሄዳም በሩ ላይ ቆመች። «ከፈለግህ እኔን አልፈህ ሂድ።»

በዚያን ጊዜ ፊቱ ላይ ያየችውን ለማንም አውርታ አታውቅም። የሚያያት ደምሌ አልነበረም። ከበሩ ጎን የነበረውን የመዝጊያውን መወርወሪያ እንጨት አንሥቶ አንድ ጊዜ አወረደው። ራሷን ለመከላከል ባነሣችው ክንድ ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማችው። ደጃፉ ላይ ወደቀች፤ ተራምዷት ወጣ።

ሜዳው ላይ የደረሰ ጊዜ ጩኸቱና ፀሐዩ አሸነፉት። ከተመልካቹ መካከል ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። አበባው አይቶት ሮጠና ጋቢውን አከናንቦት፣ ክንዱን ይዞ ወደ ቤቱ መለሰው። እቤት ሲደርሱ ወጌሻዋ ቦጋለች የላቀችን ክንድ በሸምበቆ አስራ፣ አንገቷ ላይ አንጠልጥላላት አገኟቸው። ደምሌ ደነገጠ። ከሚስቱ እግር ሥር ተንበርክኮ የታሰረውን ክንድ ሳይነካ ተመለከተውና፣

«ማን ነው የመታሽ?» አላት።

ቦጋለች ፊቷን አዞረች። «ወድቄ ነው» አለች ላቀች።

«ላቀች፣ እኔ እኮ የገና ልጅ ነኝ። የውድቀትና የዱላ ስብራት አይጠፋኝም። ማን ነው?»

«ወድቄ ነው አልሁህ።»

ሌላውን ሁሉ የሚረሳው ሰው ይህንን አልረሳም። ጠዋት ሲነሣ የሚጠይቃት ይህንን ነው፤ ማዕድ ሲቀርብ የሚጠይቃት ይህንን ነው። የምትደብቀው ሰው ቢኖር ነው ብሎ ደመደመ። በየደጁ እየዞረ፣ በትሕትና፣ «ሚስቴን የመታ ሰው አይታችኋል?» ይል ጀመር። ሰዉ መሬት መሬት እያየ፣ «አላየንም ደምሌ» ይለዋል። ሁሉም ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚነግረው ግን ጠፋ።

ከጥምቀት በኋላ ነገሩ ከአንድ ሰው ስም ጋር ተጣበቀበት። ተስፋሁን የሚባል ድንበርተኛ አላቸው፤ በፊት በአንድ ቦይ ምክንያት ከላቀች ጋር ተጨቃጭቆ ነበር። ደምሌ ፋሱን ይዞ ተስፋሁን ደጅ ቆመ። «ውጣ» አለ፣ ሳይጮኽ። «ሴት የምትመታ ከሆንክ ወንዱንም ምታ።»

ተስፋሁን ጠመንጃ ያለው ሰው ነው። ሚስቱ የኋላውን በር ከፍታ አበባው ቤት ሮጠች። አበባው ሲደርስ ወንድሙ ፋሱን ትከሻው ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑ ከበሩ ሳይነቀል ቆሟል።

«ወንድም ጋሼ፣ እንሂድ።»

«እሱን ሳልጠይቅ አልሄድም።»

«ተስፋሁን አይደለም።»

«ታዲያ ማን ነው? ታውቃለህ ማለት ነው?»

አበባው ታላቅ ወንድሙን እንደ አባት እያየ ያደገ ሰው ነው። «አንተ ነህ» አለው። «የገና ዕለት። በመወርወሪያ። እኔ ሜዳ ላይ አገኘሁህ፤ ስንመለስ አታውቀውም ነበር። ይቅር በለኝ፤ ዝም ያልሁት እንዳትሰበር ብዬ ነው።»

ደምሌ አልካደም። ውሸት ነው አላለም። ቀኝ እጁን አንሥቶ አገላብጦ አየው። ፋሱን ከደጁ ድንጋይ ላይ አስቀመጠ፤ ወደ በሩ ጠጋ ብሎ፣ «ተስፋሁን፣ በድየሃለሁ፣ ማረኝ» አለ። ከዚያም ወደ ቤቱ ሳይሆን በቀጥታ ወደ መምሬ አበጀ ቤት ሄደ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች በደብሩ ቅጥር ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሲያስታርቅ የኖረው ሰው ዛሬ ከፊታቸው ቆመ። ላቀች ክንዷ እንደታሰረ ከመምሬ አበጀ ጎን ተቀምጣለች።

«አባቶቼ» አለ ደምሌ፣ «ዛሬ ደህና ነኝ። ነገ የምሆነውን ስለማላውቅ ዛሬ ልናገር። እኔና ላቀችን አለያዩን።»

«አልለያይም» አለች ላቀች። «በቁርባን ነው የተጋባን። ሐኪሟም በሽታው ነው ብላለች።»

«በሽታው ነው» አለ ደምሌ። «መወርወሪያውን ያነሣው ግን እጄ ነው። አባቶቼ፣ ይህች ሴት ደግ ስለሆነች ውሸት ትናገርልኛለች። ስመታት ወድቄ ነው ትላለች። አንድ ቀን እገድላትና፣ እሬሳዋ አጠገብ ተቀምጬ ማን ገደላት እላለሁ። ይህን አስቡልኝ።»

መምሬ አበጀ በመቋሚያቸው መሬቱን እየጫሩ ቆዩና፣ «እግዚአብሔር ያጣመረውን እኛ አንለያይም» አሉ። «ቃል ኪዳኑ እንዳለ ይኑር። ጣራው ግን ይለይ። ልጄ ላቀች፣ ይህ ፍቺ አይደለም። ሰውየው በደህና ቀኑ አንቺን ለማዳን የሠራውን አጥር አታፍርሺበት።»

ላቀች ተናደደች። በባሏም፣ በመምሬም ተናደደች። ጎረምሶቹ ከአበባው ቤት ጀርባ፣ ከሜዳው ጩኸት ራቅ ባለው በኩል፣ ትንሽ ጎጆ ሲሠሩ ውሃ እንኳ አላቀበለችም። ደምሌ አጎዛውንና ጋቢውን ይዞ ሲወጣም ከጓዳ ሳትወጣ ቀረች። የዚያን ምሽት ግን በሩን ዘግታ ጋደም ስትል፣ ከስንት ወር በኋላ ሳትባንን አነጋች። ጠዋት ያስለቀሳት ብቸኝነቱ አልነበረም፤ እንዲያ ደህና አድርጋ መተኛቷ ነው። ይህንንም ለማንም አልተናገረችም።

ደምሌ አልዳነም። ሐኪሟ እንዳለችው አንዳንዱ ነገር ባሰ፤ አንዳንዱ እንዳለ ቆየ። ከበድ ባለው ቀን አበባው ጎጆው ደጃፍ ተቀምጦ ይጠብቀዋል፤ ላቀችም ምግቡን ለአበባው ሰጥታ ትመለሳለች። በቀለለው ቀን ግን ደምሌ ራሱ ይመጣል። በገዛ ቤቱ ደጅ ቆሞ እንደ እንግዳ፣ «ቤቶች» ይላል። ላቀች «ደጅ» ብላ ትወጣለች። ሳትጋብዘው አይገባም። የሚቀመጠውም በሩ አጠገብ፣ እሷ ወደ ውጭ መውጫ እንዲኖራት ቦታ ለቆ ነው።

ክንዷ ገጥሟል፤ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ነው የገጠመው። ደምሌ በመጣ ቁጥር ያየዋል። «እኔ ነኝ አይደል?» ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ትዋሸው ነበር፤ በኋላ ተወች። «አዎ፣ አንተ ነህ» ትለዋለች። «ማሪኝ» ይላል። «ምሬሃለሁ» ትላለች። ለእሱ ሁልጊዜም አዲስ ነው። እሷም ነገሩ አዲስ እንደሆነ አድርጋ፣ ሳትሰለች፣ ከልቧ ትመልስለታለች። አንዳንድ ቀን ግን ከልቧ አይመጣም፤ ያን ቀንም ትላለች።

በግንቦት አንድ ከሰዓት በኋላ መጣ። ደመና ስለነበረ ዓይኑ አልተቸገረም። ላቀች ቃጫ አቀረበችለትና መጫኛ ይገምድላት ጀመር፤ ቃል የጠፋበት ሰው እጁ ገመድ መግመድ አልረሳም። ስለ ፍሬሕይወት ጠየቃት። ትምህርቷን ልትጨርስ ነው አለችው። «ነርስ ልትሆን?» አለ። «አዎ።» «ጎሽ» አለና ወደ ገመዱ ተመለሰ። ቀጥሎ፣ «መቼ ነው ትምህርት ቤት የምናስገባት?» አላት።

«ደርሷል» አለችው ላቀች። «በቅርቡ ነው።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማንም ሳይነግረው ተነሣ። «ሳይመሽ ልሂድ» አለ። ላቀች ነጠላዋን ደርባ እስከ አጥሩ ሸኘችው፤ ከዚያም እስከ መታጠፊያው። መንገዱ እዚያ ላይ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ወደ አበባው ቤት፣ ሌላው ወደ ወንዙ ይወርዳል። ደምሌ ጥቂት ቆመና ወደ ወንዙ ሄደ።

«ደምሌ፣ በላይኛው ነው» አለችው።

ዞሮ አያት፤ እጁን አነሣላት። ተመልሶም የላይኛውን መንገድ ይዞ፣ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ፣ ቀስ እያለ ወጣ። ላቀች የአበባው ውሻ ሲጮኽና ሰው ሲቀበለው እስክትሰማ ድረስ ከመታጠፊያው አልተነቃነቀችም።